የጆሮ ቆራጣው ልጆች

ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ሐይቁ ዳር ካለው ቤቴ መጣች። በአልጣሽ በረሃ የዱር አራዊት ጠባቂ ሆኜ አንበሶችን ስከታተል የጻፍሁትን መዝገብ ዘርግታ፣ «አባባ፣ የሦስቱ ደቦሎች አባት ጆሮ ቆራጣው አንበሳ አይደለም፤ የዘር ምርመራው ወንድሙ ነው ይላል። ይሰርዙት» አለችኝ።

«ከእናታቸው ጋር ሦስት ቀን ሲውል ሲያድር በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም!» አልኋት።

ሳቀች። «የተመረመረውን የደቦሎቹን ጠጉር መዝገቡ ላይ የለጠፉት እኮ እርስዎ ነዎት!»

ከሄደች በኋላ ገጹን ደግሜ አነበብሁት። በአራተኛው ቀን ወባ ጥሎኝ ድንኳን ውስጥ ውዬ ነበር፤ ይህን አልጻፍሁትም። የቁም ጽሕፈት መምህሬ የብራና ስሕተት በቢላ ተፍቆ እንዲታረም አስተምረውኛል። ያየሁትን ግን አልፍቅም። ከሥሩ «በአራተኛው ቀን ጠባቂው ታሞ አላየም» ብዬ ጨመርሁ።

የወንድሙን ስም እሷ በእጇ ትጻፈው።