ማረው ቋጠሮ አያስርም

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ሰኔ 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለለይላ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ብርዱ እንዴት ያደርግሻል? የላክሁልሽ ሹራብ ይድረስሽ አይድረስሽ አልጻፍሽልኝም። ዛሬ ጁምዓ ስለሆነ ወንድምሽ ጀላል የመጋዘን ጥበቃውን ለጓደኛው ትቶ ከኮምቦልቻ መጥቷል። ሁለታችንም በሕይወት አለን። ከዚህ በላይ ስለ ደኅንነታችን ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እንደምታውቂው ፊደል የቆጠርሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ካንቺ ደብተር ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ለልምምድ በተላክሽበት ሆስፒታል አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ክንዷ ጠቁሮ እንደመጣች፣ ራጁን ያነሣሻት አንቺ እንደሆንሽ፣ ክንዷም እንደተቆረጠ ጽፈሻል። ያሰራት ወጌሻ ታስሯል፤ ስሙን ስትሰሚ የወንድምሽን ክንድ ያስቆረጠው ያ ማረው ሆኖ አገኘሽው። ነገሩ የፊታችን ሐሙስ ስለሚታይ ቃሌን በቀበሌ ማኅተም አስደግፌ እንድልክልሽ ጠይቀሽኛል።

ትናንት ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው አቶ ወርቅአፈራሁ ገና ሳልጨርስለት መጻፍ ጀመረ።

«በመጨረሻ ተገኘ በይኛ! አላህሽ አይተኛም» አለኝ።

«ቆይ እንጂ፣ ቃሌን መች ሰጠሁ?»

«ቃልሽንማ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ነይ፣ አሻራሽን ብቻ አድርጊ።»

«ማንበብ እችላለሁ።»

«ኧረ ባክሽ! ከመቼ ወዲህ?» ብሎ ሳቀና ወረቀቱን ሰጠኝ።

«ወጌሻው በቸልተኝነት አጥብቆ በማሰሩ» ይላል። ሳልፈርም መለስሁለት። ሳቁ ጠፋ።

«ለነገሩ አንቺ ምን አለብሽ! የኔ ልጅ ጦር ሜዳ ነው፤ ያንቺው እጁ ተቆርጦ ከጎንሽ ቀረልሽ። ማረውን ልትመርቂው ነው መሰል!» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ለምን እንዳልፈረምሁ እዚያው መናገር ነበረብኝ። ግን ወጣሁና ቤቴ ገባሁ።

ለይላ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ «ቋጠሮው ከመጥበቁ የተነሣ በመቀስ ቆረጥነው» ብለሻል። እዚያ ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው መልሼ አነበብሁት። ማረው ቋጠሮ አያስርም። የቀርከሃውን ስንጣሪ ደርድሮ ጨርቁን ይጠመጥምበታል፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሸጉጠዋል እንጂ አይቋጥረውም። ጀላልን ሲያስርልኝ ለምን እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «እመት መዲና፣ ክንዱ ሲያብጥ የተሸጎጠው ራሱ ይለቃል፤ ቋጠሮ ግን ምሕረት የለውም» አለኝ። ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ፈትተሽ ጥሪኝ ብሎም አስጠንቅቆኝ ሄደ።

የጀላል ክንድ ግን ሲቆረጥ ቋጠሮ ነበረበት። ቋጠሮው የኔ ነው።

አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ጀላል ከባሕር ዛፍ ወድቆ ማረው ባሰረው በማግስቱ፣ ሲጫወት ጨርቁ ላላበት። አጥንቱ ተጣሞ ቢገጥም አባትሽ ከአሰብ ሲመለስ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። የማረው ቤት ከኛ አምስት ቤት አልፎ ነበር፤ ግን ልጁን አልጠበቅሽም ይለኛል ብዬ እሱን መጥራት አፈርሁ። ከመቀነቴ ቀደድሁና በጉልበቴ ረግጬ አሰርሁት። ሁለት ቀን አለቀሰ። «ወንድ አይደለህም እንዴ!» አልሁት። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። እንቅልፍ የሚነሣኝ ከሁሉም ያ ደስታዬ ነው።

አባትሽ መጣና «ማን ነው ያሰረው?» ሲለኝ «ማረው» አልሁት። ሌላ ምንም አልጨመርሁም፤ የቀረውን ሰው ጨመረበት። አባትሽ ፒያሳ ላይ አግኝቶ በዱላ መትቶ አንድ ዓይኑን አጠፋው። «አንድ ዓይና ሽማግሌ» ብለሽ የጻፍሽው ያንን ነው። ሰው ከዚያ ወዲያ ልጁን አላሳየውም። እርጉዝ ሚስቱን ይዞ፣ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወደ አገሩ ወደ የጁ ሲሄድ በደጄ አለፈ። በሩን ዘጋሁት። አባትሽም እውነቱን ሳያውቅ ሞተ። አንቺ ደግሞ አድገሽ «የወንድሜ ዓይነት በሌላ ልጅ ላይ እንዳይደርስ» ብለሽ ይህን ትምህርት መረጥሽ። ጎረቤቱ ሲመርቅሽ አብሬ አሜን እል ነበር።

አሁን የዚያችን ልጅ እናት ለብቻዋ አግኚያት። ነጩን ልብስሽን አውልቀሽ ከጎኗ ተቀመጪ። ማን አሰራት ብለሽ አትጠይቂያት። «ጨርቁ ላልቶ ነበር ወይ?» ብቻ በያትና ጠብቂ። ብትክድ አትፍረጂባት፤ እኔም ያኔ ብትጠይቁኝ እክድ ነበር። እሷ ከካደች ይህን ደብዳቤ ለዳኞቹ አንብቢላቸው። ስሜን ከነአባቴ ጽፌዋለሁ።

ለማረው ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም። ቢፈቱትም ዓይኑ አይመለስ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ አይመለስ። ማርልኝ በይልኝ ብዬ አልልክብሽም፤ ያን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። አንቺም ክረምት ላይ ትመጪ እንደሆነ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። አልጋሽን አነጥፋለሁ። ባትመጪ ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ፖስታው እስከ ሐሙስ አይደርስም ብዬ ፈርቼ ደብዳቤውን በሾፌሩ በመኳንንት እጅ እልከዋለሁ፤ ነገ ጧት ወደናንተ ይነሣል።

ለጀላል እስካሁን አልነገርሁትም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ምን እንደሚያስታውስ አንድም ቀን ደፍሬ ጠይቄው አላውቅም። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በቀረው ክንዱ ይዞልኛል። ፊቱን ወደ በሩ ስላዞረ የሚያነብ አልመሰለኝም ነበር።

«እማ» አለኝ አሁን፤ «‹ቋጠሮው የኔ ነው› ያልሽበት ላይ ቀለሙ ደብዝዟል። ድገሚበት፣ በደንብ ይነበብ።»

ደገምሁበት። እሱም ክንዱን ከወረቀቱ ላይ አላነሣም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። አላህ እኔ ካወረስሁሽ ነገር ይጠብቅሽ።

እናትሽ
መዲና አብዱልወሀብ