እንደ ጓሳ የተዘጋ ሽቦ

ቀየት፣ የካቲት

ይድረስ ማሽኑን እኩል ተካፍለን ለተለያየነው ባልንጀራዬ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስነጥስህ አፍንጫህስ? እናትህ ወገባቸው ተሻላቸው? እኔ ከቀየት ብርድና ከአክስቴ ከእትዬ አረጋሽ ግልምጫ በቀር ደህና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ስልክ እያለ ወረቀት ማጥቆሬ እንዳይገርምህ። በስልክ ስናወራ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እንጣላለን፤ ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ አታቋርጠኝም።

መልእክትህ ደርሶኛል። አዲስ ነገር ካላወጣሽበት አንቺ ጋ ያለውን ግማሽ ማሽን በአውቶብስ ላኪልኝ፣ ለፋሲካ ለሚዘጋጀው የሙዚቃ ምሽት እፈልገዋለሁ ብለሃል። ልክ ነህ፣ ውላችን እንደዚያ ነበር። ያንን ሞጁላር ሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ሙዚቃ የሚያወጣውን ማሽናችንን፣ አንተ በካውያ ስትበይድ፣ እኔ ጣውላውን ስልግ አብረን ሠራነው። ስንለያይ ለሁለት ከፈልነውና ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ለሚሠራበት ይሰጥ ተባባልን። እውነቱን ልንገርህ፣ መልእክትህ ሲደርሰኝ የማሰማህ አዲስ ነገር አልነበረኝም። እዚህ ፊዚክስ ለማስተማር ከመጣሁ ጀምሮ፣ መብራት በኖረ ቁጥር ከማሽኑ የማወጣው ያንኑ አዲስ አበባ ሳለን አብረን ስናወጣው የነበረውን ድምፅ ነው። ልልክልህም ወስኜ ካርቶን ፈልጌ ነበር።

ካርቶኑን ሳሰናዳ ነው እትዬ አረጋሽ እንዝርታቸውን ይዘው አጠገቤ የተቀመጡት። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው አሉኝ። አንደኛው ድምፅ ያወጣል፣ አንደኛው ያጣራል፣ አንደኛው ጊዜ ይመታል፤ ሽቦ ካላገናኛቸው ግን ሁሉም ዱዳ ናቸው፣ ሽቦው የተሰካበት ቦታ ሲለዋወጥ ድምፁም ይለዋወጣል አልኳቸው። «ታዲያ አንቺ ለምንድን ነው ሁልጊዜ አንድ ቦታ የምትሰኪው?» አሉ። እንዝርታቸውን አሾሩና፣ «ግጠሽ ጨረስሽው እኮ ልጄ። ይዘጋ» አሉ።

ጓሳን ታውቀዋለህ፤ ጭላዳ ላሳይህ ወስጄህ ኮፍያህን ነፋስ የበላው እዚያ ነው። ሣሩ ሲሳሳ አገሬው መክሮ ይዘጋዋል። ለዓመታት ማጭድ አይነካውም፣ በግም አይሰማራበትም። ሲያገግም ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ድሮ የጠባቂዎቹ አለቃ አባ ጌራ ይባል ነበር። እትዬ አረጋሽም እዚያው በተቀመጡበት ራሳቸውን አባ ጌራ አድርገው ሾሙ። የምትወጃቸው ሽቦዎች የትኞቹ ናቸው ሲሉኝ፣ እንደ ሞኝ ረጃጅሞቹን ቀያዮች አሳየኋቸው። እንደ ልቃቂት ጠቅልለው ከባናቸው፣ ከዚያ ከባድ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳቸው ጋር የልብስ ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። የአንተንና የእኔን ግማሽ የምታገናኘዋን ረጅሟን ጥቁር ሽቦም አብረው አነሷት። እሷን እንኳ አልጠቀምባትም ብላቸው፣ «ካልተጠቀምሽባት ምን አስጮኸሽ?» አሉኝ።

የቀሩኝ ከስንዝር የማያልፉ አጫጭር ሽቦዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? ሌብነት። እትዬ ጽዋ ማኅበር በሄዱበት ቀን ሁለት አጫጭሮችን ቆርጬ ቀጠልኩና የድሮውን መንገድ ሠራሁ። ድምፁ ሲወጣ ደስ አለኝ፤ እዚያ ጥግ ቁጭ ብለህ የምትነተርከኝ መሰለኝ። ለካ እትዬ ከአጥሩ ውጪ ሆነው ሰምተው ኖሯል። ነጠላቸውን ሳያወርዱ፣ «የተዘጋ ጓሳ ውስጥ አጭደሻል» ብለው ፈረዱብኝ። ቅጣቴ አንድ ጆንያ ጥቁር የበግ ጠጉር ማባዘት ሆነ። ይግባኝ የለም፤ ከሳሹም ዳኛውም ጠባቂውም እሳቸው ናቸው።

አኩርፌ ጠጉር ሳባዝት፣ ይሄን የሚያህል ሽቦ የት ይደርሳል እያልኩ አጉረመረምኩ። እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። የደረሰበት ይድረስ» አሉ። እሳቸው አፌን ሊያዘጉኝ ነበር፤ እኔ ግን ጠጉሩን ጥዬ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። የጊዜ መቺው ጎረቤት ማነው? ማጣሪያው። እኔና አንተ ጊዜ መቺውን በቀጥታ ማጣሪያው ላይ ሰክተን እናውቃለን? አናውቅም፤ አንዴ ላደርገው ስል የማይሆን ነገር ነው ብለህ እጄን ይዘኸኛል። አሁን የሚይዘኝ የለምና ሰካሁት።

ዝም አለ። የማጣሪያውን የማስተጋቢያ ማዞሪያ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት፤ ሊጮህ አንድ ጸጉር ሲቀረው ተውኩት። ያን ጊዜ ምቱ በነካው ቁጥር ማጣሪያው በጣት እንደሚመታ ገበታ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ድምፅ አውጪው ጠፍቶ ነው ይሄ ሁሉ፤ የሌላውን ድምፅ ሲያጣራ የኖረው ማጣሪያ ለካ የራሱም ድምፅ አለው። ቀጥዬ ከጊዜ መቺው ማዶ ያለውን፣ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ የሚያወጣውን ክፍል ባገናኘው፣ ምቱ ቁልቁለት እንደሚወርድ የጭነት አህያ አንዴ ፈጠን አንዴ ገታ ይል ጀመር። እስክስታ ይወረድበታል አልልህም፤ ትከሻህ ግን ሳይሞክር አይቀርም።

እትዬ አረጋሽ በሩ ላይ ቆመው፣ «ይሄ ማነው?» አሉ። ምንድነው አላሉም። ከዚያ ገብተው እየፈተሉ አዳመጡት፤ እንዝርታቸው ከምቱ ጋር መሄድ ሲጀምር አየሁና እንዳይነቁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ካርቶኑ አሁን የዶሮ ቤት ሆኗል። ድምፁን በፍላሽ ቀድቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ስማውና ለህሊናህ ፍረድ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ጫኔ፣ የጓሳ ጠባቂ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጓሳ በቅርቡ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ ይዘው መጡ። እትዬም እንግዲያው የእኛም ይከፈት አሉ። ሣጥኑን ከፍተው ቀያዮቹን መለሱልኝ። ጥቁሯን ግን አገላብጠው አዩና መልሰው ባናው ሥር ከተቷት። ይህችስ ብላቸው፣ «ይህች የጋራ ናት። የጋራ መሬት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ሌላው ባለድርሻ ይምጣ» አሉ።

ስለ አንተ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ይሁንና በስልክ ስንጣላ ቤቱ ስስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ያው እንደነገርኩህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ እኔና አንተም የተጠላላን አይመስለኝም። ያንኑ ሽቦ እዚያው ስንሰካ፣ ያንኑ ጭቅጭቅ እዚያው ስናነሳ ግጠን ጨርሰነው ነው። ይህን ለማወቅ ዝግ ሆኖ መክረም ነበረበት።

ስለዚህ ግማሹ ማሽን በአውቶብስ አይመጣም። ከፈለግከው የራስህን ግማሽ ይዘህ አንተ ና። እንደ እትዬ አባባል ጓሳ ሲከፈት ማጭዱን ይዞ ያልተገኘ፣ በኋላ ሣር አነሰኝ ብሎ አይከስም። ወፍራም ጃኬት ያዝ፣ ኮፍያህን ግን ተወው። ደግሞ ለአንተ የሚሆን ጠጉር በጆንያ ተቀምጦልሃል፤ ምን አጥፍቶ ነው ብላቸው ሲመጣ ይነገረዋል ብለውኛል።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። የመንገድህን ጉም ይግለጥልህ፣ እጅህን ከካውያ ቃጠሎ፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልህ። አሜን በል።

ግማሽ ማሽን ያላት ባልንጀራህ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ መግቢያው ላይ ከብርድና ከግልምጫ በቀር ደህና ነኝ ብዬሃለሁ። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ እዚያ ቦታ የሚያስገባትን ቃል የዘለልኳት ረስቼ አይደለም። እሷም ከጥቁሯ ሽቦ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ናት።