በእድር «አለ» ስለሚባለው ባለቤቴ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ አቶ ሆሴዕ ላምቤቦ የአገር ውስጥ ነዋሪ አለመሆናቸው ታውቆ የግብር ፋይላቸው እንዲዘጋልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. አስቀድሜ ደስታዬን ልናገር፤ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። ባለቤቴ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ዘንድሮ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተው ጠሩኝ፤ ቪዛዬም ወጣ። ሻንጣ ገዝቻለሁ፣ ጎረቤቱም እልል ብሎልኛል።

2. በስማቸው ያለችውን ሱቅ የምሠራው፣ ግብሯንም የምከፍለው እኔ ነኝ። የሱቋን ንግድ ፈቃድ ልመልስ ስመጣ ባለሙያው አቶ ሱራፌል በትሕትና አስረዱኝ፦ ነዋሪ የሆነ ሰው ውጭ አገር ያገኘውንም ገቢ እዚህ ያሳውቃል፤ እዚያ የከፈለው ግብር የሚቀነስለት ደረሰኝ ካለው ነው። ነዋሪ ካልሆነ ግን የሚጠየቀው የዚህ አገሩን ብቻ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ስለ ዘንድሮ እንጂ ስላለፉት ዓመታት አይናገርም። «እናቴ፣ የበፊቱን የሚያስረዳ ያምጡ» አሉኝ። ባለቤቴ እዚያ ብርድ ልብስ ተሸክመው ቤት ለቤት ሲሸጡ ደረሰኝ ማን ሰጥቷቸው!

3. የምስክር ወረቀት እንዲጽፉልኝ እየሮጥኩ ወደ እድራችን ሄድኩ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ሰው ከእድር አይፋቅም፤ ስሙ ሲጠራ ወንድሙ «አለ» ይልለታል። ከዚያ አገር በሳጥን የሚመለሰው ስለበዛ፣ ቀባሪ እንዳያጣ ብለን ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ሚክያስም የጠቀሙኝ መስሏቸው «አቶ ሆሴዕ ከመካከላችን ተለይቶ አያውቅም፤ ቋሚ ነዋሪያችን ነው» ብለው ማኅተም አሳርፈው ጻፉልኝ። እኔም አንብቤ፣ ምን ያለ የከበረ ምስክርነት ነው ብዬ በደስታ አስገባሁት።

4. በዚሁ ነዋሪ ናቸው ተባለ። ያለፈው ገቢያቸው ካልታወቀ ፋይሉ አይዘጋም፤ ፋይሉ ሳይዘጋ ደግሞ፣ ሱቋን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ፣ ከአገር መውጣት አልችልም ተባልኩ። አቶ ሚክያስን እንዲያርሙልኝ ብለምን «አንቺ ትርፌ፣ ሰው በቁሙ ይፋቃል? ሟርተኛ!» ብለው ተቆጡኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ቢፍቁልኝም እጄ አይቀበለውም ነበር።

5. ቪዛዬ በግንቦት መጨረሻ ያበቃል። ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽም፤ ሕጉም ሕግ ነው። ቢሆንም የእድሩ ቃል ለቀብር የተባለ እንጂ አድራሻ እንዳልሆነ ተቆጥሮ፣ ጎረቤቶቼ ተጠይቀው እንዲወሰንልኝ እለምናለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ባለቤቴ እዚሁ ይኖራሉ የሚለው ውሳኔ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ሻንጣዬን ከመፍታቴ በፊት በስልክ ላንብብላቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እቤታቸው እንደነበሩ እሳቸውም ይስሙት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ትርፌ ጠና
(ፊርማ)