አረፋ የሌለው ውሃ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣ ባለህበት ሰላምህ ይብዛ።

እኛ ደህና ነን። አባባም ዛሬም ከመርከብ ሥር እየጠለቀ ይፈትሻል። የተነፈሰውን አየር አጣርቶ መልሶ የሚሰጠውን አዲሱን መሣሪያ ወዶታል። ከመጥለቁ በፊት እሱ የመሣሪያውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይጠራል፣ እኔ አይቼ «አለ» እላለሁ። ሰኞ «የማጣሪያው ኖራ ተሞልቷል» አለኝ፤ ስከፍተው ባዶ ነው፤ ያለ ኖራው ደግሞ የገዛ ትንፋሹ ይመርዘዋል። «ቅድም በገዛ እጄ ሞልቼው የለ እንዴ» ብሎ ሳቀ። ማክሰኞም ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ እንዲሁ ብሎ ሳቀ። አሁን ሻዩን ሲጠጣ ቀድሜ እሞላዋለሁ።

በድሮው የአየር ሲሊንደር ሲጠልቅ የት እንዳለ በአረፋው አውቅ ነበር፤ ይሄኛው አረፋ የለውም፣ ውሃው ዝም ይላል። ስትደውል ወደ ድሮው እንዲመለስ ንገረው፤ ካንተ ሲሆን እሺ ይላል። ለምን ካለህ፣ አረፋው ናፍቋታል በለው።

እዚህ ላብቃ፤ አባባ ከውሃው ገና አልወጣም።

የምትወድህ እህትህ