ሳይረጋ ስለተነሳው የእህቴ ወረቀት

ካርቱም፣ የካቲት 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ የውጭ ሠራተኞች መመዝገቢያ ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ በመልካም ጤና እንዲሰነብቱ፣ የቢሮዎም ማቀዝቀዣ እንዳይበላሽ አላህን እለምናለሁ። እኔ በጀሪፍ ሰፈር ኮምፒውተር ጠግኜ የማድር ሙባረክ ኢሳ፣ በአል-ማንሺያ ሰው ቤት የምትሠራው የሉጥፊያ ወንድም ነኝ። የእህቴ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ባለፈው ሐሙስ አብቅቷል። እስኪታደስ ድረስ የምትይዘው ማስረጃ ቢሮዎ ከስክሪን አንስቶ የሚያትምላት የምዝገባ ገጽ ብቻ ነው።

1ኛ፦ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮችዎ ላይ የሚከፈት መስኮት ሁሉ ከጭጋግ ውስጥ እየጠራ እንዲወጣ ያስደረጉትን ጌጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጠሩ ስለሚያሳዩን እናመሰግናለን። ይሁንና ጸሐፊዎ ወይዘሪት ምንዳዬ፣ እርስዎ ከኋላዋ ቆመው ያላ፣ ቶሎ በይ ባሏት ቅጽበት የስክሪኑን ምስል ማንሻ ቁልፍ ትጫናለች፤ ገጹ ግን ያን ጊዜ ገና አልጠራም። ስለዚህ የእህቴ ስምና ፎቶ ከስክሪኑ የፏፏቴ ሥዕል ጋር ተደራርቦ ታተመ።

2ኛ፦ ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሦስቱንም ጊዜ ደብዝዞ መውጣቱ የቢሮዎን ጽኑ አቋም ያስመሰክራል።

3ኛ፦ መፍትሔውን በትሕትና አቅርቤ ነበር። አንድ ጊዜ አንሱ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ድገሙ፣ ሁለቱን አስተያዩ፤ አንድ ከሆኑ ገጹ ረግቷል፣ ከተለያዩ ደግሞ እንደገና አንሱ አልኩ። በስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ግን ተዉት፣ እሱ መቼም አይረጋም ብዬ አስጠነቀቅሁ። ክቡርነትዎ ግን ማሽን ይታዘዛል እንጂ አይጠበቅም ብለው አሰናበቱኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሱት እርስዎ፣ የምንለቅመው እኛ ሆንን።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። ሰሞኑን ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ከየመንገዱ የሚሰበስብበት ከሻ በርትቷል፤ እህቴም ዳቦ ለመግዛት እንኳ በር መውጣት ትታለች። ጌጡን ለአንዲት ደቂቃ ቢያስጠፉልን ምንኛ ባስደሰቱን ነበር።

ለጌጥዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ቅንጣት ትዕግሥት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣ ሙባረክ ኢሳ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፍ መልእክት ደረሰኝ፤ አሠሪዋ መድኃኒት ግዢ ብላ ልካት ሉጥፊያ በከሻ ተይዛለች። መኮንኑ ወረቀትዎን ወደ ብርሃን ይዞ ቢያየውም ስሟን ማንበብ አልቻለም። አሁን ጣቢያ ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ የትም አትንቀሳቀስምና፣ ክቡርነትዎ ሳይቸኩሉ ሊያነሷት ይችላሉ።