ለልጄ እረፍቷን መልስላት

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ጉልበቴን ያመኛል ብለህ ነበር፣ ተሻለህ ወይ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። ሩጫ ላይ ወድቆ የቀረውን ልጄን ከቀበርኩ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። አንተ በስልክ አልቅሰህ፣ እግዜር ያወቀው ነው ብለህ ነገሩን ዘጋኸው። እኔ አልዘጋሁትም።

ሐኪሙ የልጁ ልብ ቀድሞም እንከን ነበረበት ብሎኛል። እሱን ባንተ ላይ አላላክክም። ነገር ግን የላክህለትን የልምምድ ወረቀት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ የጻፍከው ደህና ነበር፤ አንድ ደቂቃ በሙሉ ኃይል መሮጥ፣ ሁለት ደቂቃ በእግር መሄድ፣ እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ። በኋላ ሰርዘህ፣ በእረፍቱም ሶምሶማ ይሁን፣ መራመድ የሰነፍ ነው ብለህ ጻፍክ። ልጄ ራሴን ያዞረኛል ብሎ ሲደውልልህ ሰበብ አታብዛ አልከው። አጠገቡ ቆሜ እሰማ ነበር። አንተ የድሮ ሯጭ፣ እኔ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ፤ ምን አውቄ ልናገር ብዬ ዝም አልኩ። የትምህርት ቤቱን ሜዳ በር በማለዳ የምከፍትለትም እኔ ነበርኩ። ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም የምጽፍልህ። አንተ ግን የእባብ ጉድጓድ በሰው እጅ ለካህ፤ እጁም የልጄ ነበር።

አሁን ደግሞ ትንሿ ልጄ ያንኑ ወረቀት የቁም ሳጥኗ በር ላይ ለጥፋው አገኘኋት። ወንድሜ የጀመረውን እጨርሳለሁ ትላለች። ልቧን አስመርምሬ ደህና ነው ስለተባልኩ አትሩጪ አላልኳትም። ሰዓቱን ይዤ እቆማለሁ። ሮጣ ስትመጣ፣ እየተራመድሽ የሰፈር ወሬ ንገሪኝ እላታለሁ፤ ወሬው ሳይቆራረጥ ካልወጣ ቀጣዩ ሩጫ የለም። ጎረቤቱን ሁሉ አምተን ጨረስን። ከትናንት ወዲያ ግን ወሬውን ጥላ በሶምሶማ ሄደች። ስጣራ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አጎቴ ያውቃል፣ አንቺ በሩን ብቻ ክፈቺ አለችኝ።

በማግስቱ በሩን አልከፈትኩም። አኩርፋኛለች፤ አስፋልት ላይ እሮጣለሁ ትላለች። ያደገች ልጅ እግሯን አስሬ አላስቀምጣት ነገር።

ስለዚህ እንባህን ተወውና በገዛ እጅህ ጻፍላት። ተሳስቻለሁ በል። እረፍቱ በእግር ነው፣ ትንፋሽሽ እስኪመለስ ነው፣ ሲያዞርሽ ቁሚ በል። የኔን ቃል ንቃዋለች፤ ያንተን የእጅ ጽሑፍ ግን ታውቀዋለች፣ ታምነዋለች። ለኔ ምንም አትጻፍልኝ።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ እሱ ከኔ ይልቅ ደግ ነው። ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ እሷ አልበደለችኝም። ትንንሾቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ትልቁም ልጅህ ሩጫ ጀመረ ሲሉ ሰማሁ። እሱን በእረፍቱ ታስሮጠዋለህ ወይ? መልሱን አንተ ታውቀዋለህ። ለልጄም እሱኑ ጻፍላት።

እህትህ
ከቤታችን፣ የካቲት 9 ቀን