የእማዬ ቀይ ፊደሎችና የስፌት መብራትሽ

ብርቄ የኔ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጣራውን ቀድሜ ስላስጠገንኩ ዘንድሮ ሳሎን አላፈሰሰም። ያኔ አንቺ ድስትና ባልዲ እየደረደርሽ ስትስቂ፣ እኔ ቤቱ ተንሳፍፎ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነኝ፣ አልተለወጥኩም።

የቤቱን ነገር በተራ ልንገርሽ፤ በተራ ካልሆነ ይጠፋብኛል። ልጃችን ቤዛ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ነው፣ ከእሷ ይልቅ እኔን እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔ አሁንም ቂሊንጦ መጋዘን ነኝ፣ የሰርቪሱ መቆሚያ ብቻ ወደ ሳሪስ አቦ ቀረብ ብሎልኛል። የጎረቤታችን አጥር አድጎ ፎቅ ሆነ፤ የሳሎን መስኮታችን የሚያሳየው ብሎኬት ስለሆነ በቀንም መብራት እናበራለን። የስፌት መኪናሽ በሩ አጠገብ እንደነበረች አለች። አንሶላ አልብሼያታለሁ፤ የሰካሽው ክር መርፌው ላይ እንዳለ ነው። ማንም አልነካትም፣ እኔም አልደፈርኩም።

የቀረችው እማዬ ናት። ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ስለ እሷና ስለ አንቺ ነው።

መስኮቱ ሲጨልም የድሮው አምፖል አይበቃም ብዬ በጣም የሚያበራ ነጭ ገዛሁ። ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ያሳያል። የእማዬ ዓይን ግን ያለቅስ ጀመር። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ላይ እንደማንበብ ነው አለችኝ። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ለአዛውንት ዓይን ቢጫ ነው የሚሻለው ሲለኝ፣ የዚያኑ ቀን ሳሪስ ወርጄ ቢጫ አመጣሁ። ታውቂኛለሽ፣ ስፈራ አበዛለሁ፤ ከሁሉም ቢጫውን፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላውን መረጥኩ። እማዬ ዓይኔ አረፈ፣ ተመስገን አለች። ቤቱም ሞቅ አለ። በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ እማዬ ማንበብ ተወች።

እትዬ እያልሽ፣ አንቱ እያልሽ የጦርሻት እናቴ፣ ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እምቢ ካላት ወዲህ ጠዋትና ማታ ውዳሴ ማርያም ሳትደግም የማትውለዋ፣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዝም። የምንነቃው እኮ በሷ ማነብነብ ነበር። መጨረሻ ላይ የሞቱትን ስትጠራ ያንቺን የክርስትና ስም ታስከትላለች። እኔም ጫማዬን እያሰርኩ ያንን ሰምቼ ነው ወደ ሰርቪሱ የምወጣው። እሷ ዝም ስትል በዚህ ቤት ስምሽን ጮክ ብሎ የሚጠራ ጠፋ። እኔ ቤዛ ታለቅሳለች ብዬ አልጠራውም፤ እሷም እኔን ፈርታ አትጠራውም።

ፍርሃቴን ደረደርኩት። አንደኛ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ መርሳት ጀምሯት ይሆናል። ሦስተኛውን ለማንም አልተናገርኩም፤ እናቴ ለመሄድ እየተሰናዳች መሰለኝ። ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሞራ ጀማምሯታል፣ ለቀዶ ሕክምና ግን ገና ነው፣ በዚህ መነጽር ማንበብ አያቅታትም አለኝ። የመጀመሪያው ሲሰረዝ ሦስተኛው ገፍቶ መጣብኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማንበብ ለምን እንደተወች እንድትነግረኝ ለመንኳት። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣ በጣቷ እያሳየችኝ፣

«የእመቤቴ ስም ጠፋብኝ ልጄ። ጥቁሩ አለ፣ ቀዩ የለም። እኔን ተሰወረችኝ» አለች።

ያንን አሮጌ መጽሐፏን ታውቂዋለሽ። እንደ ጸሎት መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ነው የተጻፈበት። ቀዩ ከዘመን ብዛት ገርጥቷል፣ ወረቀቱም ወይቧል። በቃሏማ ታውቀዋለች። ግን የእመቤታችን ስም የነበረበትን ቦታ ባዶ ስታየው፣ አልታይሽም ያለችኝን በምን አፌ እጠራታለሁ ብላ ፈራች። ለንስሐ አባቷ የምትነግረው በደል ይገኝ እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምራ ዕድሜዋን ስትፈትሽ ነው የከረመችው። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የኔም ዓይን የድሮው አይደለም፤ በዚያ ብርቱካን መብራት ቀዩ ከወረቀቱ ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው።

እዚያ ላይ ትዝ አልሽኝ። ለቤዛ የጥምቀት ቀሚስ ክር ግዛ ብለሽ ልከሽኝ፣ ማታ ሱቅ ውስጥ አምፖል ሥር መርጬ ደማቅ ቀይ ብዬ ያመጣሁት ጠዋት የሸክላ ቀለም ሆኖ አልተገኘም? ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅሽብኝ። ቀለም በአምፖል አይገዛም አልሽኝ። ጨርቅና ክር ልታስተያዪ ስትፈልጊ ሁልጊዜ ተነስተሽ በር ላይ ትቆሚ ነበር፤ ደንበኛ ቢቸኩልም፣ ቢዘንብም። እኔ አየር ለመውሰድ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ያንቺን ወንበር በሩ ላይ አድርጌ እማዬን አስቀመጥኳትና መጽሐፉን ገለጥኩላት። ቀዩ መጣ። በየመስመሩ፣ አንድም ሳይጎድል። እማዬ መጽሐፉን ሳመችው፣ አለቀሰች። የአምፖሉን ነገር ሳስረዳት ቀና ብላ፣ «ታዲያ እመቤቴን ያስኮበለልካት አንተ ነሃ» አለችኝ። የሌለባትን ኃጢአት እንዴት እንዳስፈለግኳት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች። ይገባኛል።

ግን እሷ የምትደግመው ገና ሳይነጋ ነው፣ በር ላይ ደግሞ ብርድ ነው። ምን እናድርግ ብዬ ስጨነቅ ቤዛ፣ «የማሚ መብራትስ?» አለች። ካንቺ በኋላ ማሚ ስትል የሰማኋት ያን ቀን ነው።

አንሶላውን ሁለታችን ገፈፍነው። ያቺ መኪናሽ ላይ ያለችው፣ አንገቷ የሚታጠፍ ትንሿ መብራትሽ ልክ አንቺ እንደተውሻት ናት፤ ብርሃኗ እንደ ነጩ አምፖል አይወጋ፣ እንደ ብርቱካኑ ቀይ አያጠፋ፣ መሃል ላይ ነው፣ የረፋድ ብርሃን ይመስላል። እማዬን መኪናሽ አጠገብ አስቀምጠን ከግራ ትከሻዋ በኩል አደረግናት፣ የመብራቷን አንገት ዝቅ አደረግን፣ ብርሃኑ እማዬ ዓይን ላይ ሳይሆን ገጹ ላይ እንዲያርፍ። ቢጫውንም አልጣልኩትም፣ ማታ ቁጭ ብለን ስናወራ እማዬ እሱን ትወደዋለች። ለማረፊያ እሱ፣ ለማንበቢያ ያንቺ።

እኔ ደግሞ ያንቺ አምፖል የተቃጠለ ቀንስ የሚል ሌላ ጭንቀት አመጣሁ። ከመሳቢያሽ ቀይ ክር ቆርጬ ኪሴ ከተትኩና መጠባበቂያ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁን አንድ በአንድ እያስበራሁ ክሩን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ አያለሁ። ትዕግሥቱ አለቀና፣ «ጋሼ፣ አምፖል ነው ቀሚስ የምትገዛው?» አለኝ። ሚስቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ አልኩት። እንዲህ ብዬ ስናገር አልከፋኝም ብርቄ፣ ደስ አለኝ።

ስለዚህ ላመሰግንሽ ነው የጻፍኩት። ለመብራቱ፣ ለክሩ፣ በር ላይ ለመቆምሽ፣ ለዚያ ሳቅሽም።

ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር እማዬ መኪናሽ አጠገብ ተቀምጣ «ወለተ ማርያምን አስቢልኝ» ስትል ሰማሁ። ሰርቪሱ ጥሩምባ እየነፋ ነበር፤ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኳት። እሷ የማትችልበት ቀን ሲመጣ መጽሐፉን የምገልጠው እኔ ነኝ፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው መብራት። ንባቤ እንደሷ አያምርም። ቀዩ ላይ ስደርስ ግን አልዘልም፤ ስምሽንም ጮክ ብዬ እጠራለሁ።

ባልሽ